ጀርባቸውን የሰጡን አባቶች

የሞተ ሰው አያስቸግርም ብላችሁ የምታስቡ ከሆነ፣ ግድግዳ ላይ ልትስሉት ሞክራችሁ አታውቁም ማለት ነው። በሕይወት ያለ ሰው ቢያስቸግር ቢያስቸግር ያለው አንድ ፊት ነው። ሞቶ ብዙ መቶ ዓመት ያለፈው ግን በልጅ ልጆቹ ቁጥር ልክ ፊት አለው። ሸዋሮቢት ውስጥ ዕድሜዬን ሙሉ ታሪክ ሳስተምር ይህን አላወቅሁም ነበር። ያወቅሁት ጡረታ ወጥቼ ኮሚቴ ስገባ ነው። (ኮሚቴ ገብታችሁ የማታውቁ፣ ጤናችሁን ጠብቁ።)

በሰፈራችን ከአስፋልቱ ዳር አንድ ረጅም የግንብ አጥር አለ። ከደብረ ሲና ቁልቁል ወርዶ ጃኬቱን ማውለቅ የጀመረ መንገደኛ ሁሉ ያየዋል። አጥሩ ላይ «እዚህ መሽናት ክልክል ነው» ከሚል በቀር የሚነበብ ነገር አልነበረም፤ እሱንም አንብቦ የተወ ሰው አላየሁም። በመጨረሻ የሰፈሩ ሰው መከረና የይፋት የጥንት ታሪክ ይሳልበት ተባለ። ሰው መጀመሪያ ወደዚህ ቆላ ሲወርድ፣ ወንዝ ዳር ሲሰፍር፣ ማሽላ ሲዘራ፣ ግመል የጫነ ነጋዴ ሲቀበል። ለዚህ ሥራ ሰባት ሰዎች ተመረጥን። እኔ በአስተማሪነቴ፣ ሰይድ ደግሞ ያለ እሱ ምንም ኮሚቴ ስለማይመረጥ።

ሰይድ ሽንኩርት ነጋዴ ነው፤ ከወጣትነቴ ጀምሮ ጓደኛዬ ነው። ለአረፋ ሲጠራኝ ለእኔ ብሎ ለብቻ በክርስቲያን እጅ በግ ያሳርዳል፤ እኔም ለፋሲካ ለእሱ እስላም አራጅ ፈልጌ እንደዚያው። ልጆቻችን የቱ ቤት የማን እንደሆነ ሳይለዩ ነው ያደጉት።

ሥዕሉን የያዘው ደርቤ ነው፤ የሆቴል ማስታወቂያና የባጃጅ ጀርባ እየሳለ የሚኖር ልጅ እግር ሰዓሊ። የመጀመሪያውን ንድፍ ሲያሳየን ከሰልፉ ሁሉ ፊት አንድ ሽማግሌ ቆመዋል። እኔ፣ «ጋቢ ይልበሱ» አልኩ። ሰይድ፣ «ሽርጥ ይታጠቁ» አለ።

«ያን ጊዜ ሽርጥ አልነበረም» አልኩት።

«አንተ ነበርክ?»

«አንተስ?»

እዚህ ላይ ማቆም ነበረብን። አላቆምንም። ሰይድ፣ «የእኛ ሰዎች እዚህ ጥጥ ሲሸምኑ የእናንተ ደጋ ላይ ብርድ ይመታቸው ነበር» አለ። እኔም በዚያ ሁሉ ዓመት የጠመኔ ብናኝ በደረቀ ጉሮሮዬ፣ «የእናንተማ ለገበያ ነው የመጡት፤ ገበያተኛ ደግሞ ሲመሽ ወደ አገሩ ይገባል» አልኩት።

ሰይድ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ባርኔጣውን አንስቶ ወጣ።

በዚያ ዓመት ለአረፋ አልጠራኝም። እቤቴ ተቀምጬ ሽሮ ስበላ ባለቤቴ ዓይን ዓይኔን አየችኝና፣ «ለማታውቀው ሙት ብለህ የምታውቀውን ሰው አጣህ» አለች። ሄጄ ይቅርታ ልጠይቅ ሁለት ጊዜ ደጁ ድረስ ደርሼ፣ ሁለቱንም ጊዜ ሌላ ጉዳይ እንዳለው ሰው አልፌ ሄድኩ።

የቀረው ኮሚቴ ጭቅጭቁን በብልሃት ገላገለው፦ ፊት የሚባል ነገር ይቅር፤ ሁሉም ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ተራ ነጠላ ነገር ተከናንበው ይሳሉ። ደርቤ፣ «እግዜር ይስጣችሁ፣ ድሮም ፊት ይከብደኛል» ብሎ በደስታ ተቀበለ።

ሥዕሉ ሲያልቅ ግን ጉድ ፈላ። ከፊት የቆመው ሰው አንድ እጁን ግንባሩ ላይ ጋርዶ፣ በአንድ እግሩ ዘንበል ብሎ ሩቅ ያያል። መንገደኛው ሁሉ እየቆመ፣ «አቤት ትከሻ! ይሄ የእኛ አያት ነው» ይል ጀመር። ከካራቆሬ ድረስ መጥቶ ፎቶ የተነሣ አለ። እኔም አንድ ጠዋት ብቻዬን ሄጄ ባየው፣ ምን ልዋሻችሁ፣ አያቴ ናቸው። እንባዬ መጣ።

ዞር ስል ሰይድ አጠገቤ ቆሟል። ሰላም አልተባባልንም። ቆይቶ ለራሱ እንደሚናገር፣ «ወላሂ፣ ቁርጥ አያቴን!» አለ።

«የማንን አያት?»

«የእኔን ነዋ! ይቺን የግራ ትከሻ ላጣት?»

ልንጀምር ስንል ደርቤ፣ ዳር ዳሩን ለመጨራረስ ከወጣበት መሰላል ላይ፣ «ኧረ ጋሼ፣ አትጣሉ! እትዬ ሎሚ ናቸው» አለ።

«የቷ ሎሚ?»

በብሩሹ ወደ ማዶ ጠቆመን። እትዬ ሎሚ ከዛፉ ሥር ፓፓያቸውን ደርድረው ተቀምጠዋል። «ቁሙልኝ አለኝ፣ ቆምኩለት» አሉ ከዚያው ሆነው፤ «እግሬ እስኪደነዝዝ! ከጀውሃ የሚመጣው አይሱዙ ቆሞ ይገዛኝ እንደሆን እያየሁ ነበር።»

መጀመሪያ የሳቀው ሰይድ ነው። ሳቁ ሲይዘው ክንዴን ያዘ፤ እኔም ክንዴን አልነጠቅሁም። «ያን ቀን የተናገርኩት ...» ብዬ ስጀምር፣ «ተወው እባክህ፤ በጉንም ጠብቄህ ጠብቄህ ለጎረቤት ሰጠሁት» አለኝ። ለካ አሳርዶልኝ ነበር። ሳይጠራኝ፣ ይመጣል ብሎ።

ይህን ጊዜ እትዬ ሎሚ አስፋልቱን ተሻግረው መጡ። ሥዕሉን ከዳር እስከ ዳር አዩት።

«ደግ ነው። ፊቴስ?»

«ኮሚቴው ፊት አይሳል ብሎ ነው፣ እትዬ» አለ ደርቤ።

«ከዚህ ሁሉ ሰው ሴት እኔ ብቻ ነኝ?»

«ኮሚቴው ሴት ሳል አላለኝም። ወንዶቹ ቁሙልኝ ብላቸው ሥራ አለን ስላሉኝ ነው።»

እትዬ ሎሚ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አደረጉ። «ለመሆኑ ይሄ ኮሚቴ የምትሉት ማነው?»

ደርቤ ወደ እኛ ተመለከተ። ሰይድ ቶሎ ብሎ፣ «ስማ እንጂ፣ የዘንድሮ ዝናብ እንዴት ያለ ይመስልሃል?» አለኝ። እኔም ስለ ዝናብ የማውቀውን ሁሉ፣ የማላውቀውንም ጨምሬ፣ በሰፊው አስረዳሁት።