ቦርጭ የሚያጠፋ ኃጢአት

ስፖርት ጀምሮ በሳምንቱ የሚተው ሰው ሞልቷል። ስፖርት ላለማቋረጥ ብሎ ኃጢአት የሚፈልግስ አጋጥሟችሁ ያውቃል?

እኔን አጋጥሞኛል፤ ፒያሳ የሚኖር ወንደላጤ ወዳጄ ነው። በጾም ክትፎ በልቶ ለንስሐ አባቱ ቢናዘዝ፣ በቀን አርባ አንድ ስግደት አዘዙበት። ወር ሳይሞላው ቦርጩ ጠፋ! ከዚህ የበለጠ ጂም ከየት ይመጣል? ችግሩ፣ ቀኖናው ያልቃል። ያለ ትእዛዝ ደግሞ ወዳጄ እንኳን ሊሰግድ ካልጋውም አይወርድ። ስለዚህ በየወሩ አዲስ ኃጢአት ይዞ ይሄድ ጀመር። ቁጣ፣ ስንፍና፣ ምቀኝነት፤ ገሚሱን ሳይሠራው ነው የተናዘዘው።

ባለፈው ወር «አባቴ፣ ጎረቤት አማሁ» አላቸው።

አባ ቀና ብለው አዩት። ከወዳጄ ቤት በቀር ሰፈሩ ፈርሶ ጎረቤቱ ሁሉ ኮንዶሚኒየም እንደገባ ያውቃሉ።

«ልጄ፣ ሐሜት እኮ ሰው ይፈልጋል። ከማን ጋር ሆነህ አማህ?»

ወዳጄ ቢያስብ ቢያስብ የሚጠራው ስም አጣ።

«በል ስግደቱን ተወው» አሉት። «ቀኖናህ ከጎረቤቶችህ አንዱን ሄደህ መጠየቅ ነው።»

እሱ ግን የአንዳቸውንም አዲስ ቤት አያውቅም።

በቀን አርባ አንድ ጊዜ ወድቆ የሚነሳ ሰው፣ ያን ዕለት ከተቀመጠበት መነሳት አቃተው።