ጽጌረዳዬን ማን አጠጣት?

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ብሎ የተረተው ሰው የጓሮ አትክልት ሳይኖረው አይቀርም። ክፉ የሠራብንን ሰው ምክንያቱን ብዙም አንጠይቀውም፤ ክፋቱ ራሱ ይበቃናል። ደግ የሠራልንን ግን ኪሱን ሳይቀር እንበረብረዋለን። ደግሞስ በዚህ ዘመን ማን በነጻ ደግ ይሆናል? እናንተ ትሆናላችሁ? ተዉት፣ አትመልሱልኝ።

መቱ ላይ ድርቅ ገባ ብል የሚስቅብኝ አይጠፋም፤ ዝናብ የሰለቸን ሰዎች ነንና። በዚያ በጋ ግን ሰማዩ ጨክኖ ከረመ። ቡናው ማበብ አቃተው፣ ቧንቧውም ሲያሻው ብቻ ብቅ የሚል እንግዳ ሆነ። የእኔ ጓሮ ደግሞ በየዓመቱ የሚዘራ ጎመን አይደለም፤ ሥር ሰድዶ የሚከርም ነው፤ ጌሾ፣ ጠጅ ሳር፣ ጤና አዳም፣ ከሁሉም በላይ እናቴ ከጎሬ አምጥታ የተከለቻት ቀይ ጽጌረዳ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ያቺን ጽጌረዳ ሳላያት ውዬ አላውቅም።

በዚህ መሐል የባለቤቴ የአስቴር እናት ኡካ ላይ ታመሙና በራችንን ቆልፈን ሄድን። እስኪያገግሙ እዚያው ሰነበትን። ስንመለስ ደረቅ ግንድ ለመንቀል ልቤን አዘጋጅቼ ነበር። በሩን ከፈትኩ። ጽጌረዳዋ አብባለች!

ደስ ይበልህ እንዳትሉኝ። ሥሯ እርጥብ ነው፤ በጎረቤታችን በጋሼ ቶሎሳ በኩል ያለው አጥር ደግሞ ሰው የሚያሾልክ ቀዳዳ ተከፍቶበታል። ሰሞኑን የይዞታ ልኬታ ሊጀመር ነው ይባላል። ዛሬ ያጠጣ ሰው ነገ «ያለማሁት እኔ ነኝ» ቢልስ?

ጋሼ ቶሎሳን ጠየቅኋቸው።

«እኔ ምን አውቄ!» ብለው ፊታቸውን አዞሩ።

«አመስግናቸውና ተወው» አለችኝ አስቴር።

«የሚመሰገን ሰው አይሸሽም» አልኳት።

በማግስቱ ገበያ የምሄድ መስዬ ወጣሁና በጓሮ ዞሬ ከማድ ቤቱ ጥግ ቆምኩ። ብዙም ሳይቆይ ጋሼ ቶሎሳ ጄሪካን ተሸክመው፣ ጎንበስ ብለው በቀዳዳው ሾልከው ገቡ።

«ጋሼ! በሰው ግቢ ምን ይሠራሉ?»

ደነገጡ። ጄሪካኑን አስቀምጠው ላባቸውን ጠረጉ።

«ካኒሳ ነው ጉዴ» አሉ ኦሮምኛ ቀላቅለው፣ «ንቦቼ! አገሩ ደርቆ አበባ የት አለ? ቀፎውን ጥለውብኝ ሊሄዱ ነበር። ከሶር ወንዝ እየቀዳሁ ያንተን ሳጠጣ ከረምኩ። ሳላስፈቅድ ግቢህ መግባቴ አሳፍሮኝ ነው የካድኩህ።»

ቀና ብዬ ሳይ እውነትም ጽጌረዳዋ ላይ ንብ እንደ ሠርገኛ ሰፍሮባታል።

ምን ተሰማኝ መሰላችሁ? እፎይታ! ለካ ለራሳቸው ኖሯል! ጥርት ያለ ደግነት ቢሆን ኖሮ በየትኛው ትከሻዬ እሸከመው ነበር? በዚያ ዕድሜያቸው ያን የወንዝ ዳገት ጄሪካን ተሸክመው መውጣታቸው ግን ሲከነክነኝ አደረ። እናቴም ስለ እሳቸው ክፉ ስትናገር አንዴም ሰምቻት አላውቅም።

ጠዋት ባዶ ጄሪካን አንጠልጥዬ ደጃቸው ቆምኩ፤ አብሬያቸው ልቀዳ። ጋሼ ቶሎሳ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። ዓይናቸውን ጠበብ አደረጉ።

«አንተ ልጅ» አሉኝ፣ «ምን ፈልገህ ነው?»