ጤነኞች የተሰለፉበት ጠዋት

ሐሙስ ለዓርብ አጥቢያ፣ አማቴ አልጋ አጠገብ ወንበር ላይ እንደተቀመጥኩ እንቅልፍ ጣለኝና ሕልም አየሁ።

ሕልሙን ከመጀመሬ በፊት ዓርብ ምን ቀን እንደነበረ መናገር አለብኝ። አማቴ እማማ ተዋበች ቀኝ ጎናቸው ከሰለለ ሦስት ዓመት አልፏል። ልጃቸው ከፍያለው፣ ባለቤቴ፣ ካረፈ ሁለት ዓመት ሆነው። እኔ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። በቤቱ ውስጥ ያለነው ሁለታችን ብቻ ነን። ዓርብ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ የቀበሌው ኮሚቴ መጥቶ እማማ ቋሚ ድጋፍ ይገባቸው እንደሆነ በዓይኑ አይቶ ይወስናል። ከተፈቀደ፣ ወጪዋን መንግሥት የሚሸፍንላት ተንከባካቢ በየቀኑ ትመጣለች፤ መድኃኒታቸውም በነፃ ይሆናል። ካልተፈቀደ፣ እኔ ያለኝን ፈቃድ ሁሉ ስለጨረስኩ ማስተማሬን ትቼ ቤት መዋል አለብኝ። የምንኖረው ደግሞ በእኔ ደሞዝ ነው። ማመልከቻው እዚህ እስኪደርስ አሥራ አራት ወር ፈጅቷል።

በሕልሜም ጠዋት ነበር። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ግቢያችንን ሞልቶታል። የቆርቆሮው በር ሲንኳኳ ሄጄ ከፈትኩ። ከበራችን አንስቶ እስከ አስፋልቱ ድረስ ሰልፍ ነበር። የተሰለፉት የመሥሪያ ቤት ሠራተኞች ናቸው። እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ጠረጴዛ በአናታቸው ተሸክመዋል፤ የአንዳንዱ መሳቢያ ተከፍቶ ግንባሩ ላይ ተንጠልጥሏል። በዚያ ብርድ ከአንዳቸውም አፍ እንፋሎት አይወጣም።

ፊት የቆመው፣ አሥራ አራት ወር ሙሉ «ነገ ይመለሱ» ሲለኝ የኖረው የመዝገብ ቤቱ አቶ ደምሰው ነበር።

«እትዬ አዜብ፣ ወፍ ሳይንጫጫ ነው የቆምነው» አለኝ። «ዛሬ እንኳ አይመልሱን።»

«ምን ፈልጋችሁ ነው?»

«ጤነኞች መሆናችንን እማማ ተዋበች እንዲፈርሙልን ነው። ጤናችን ጊዜው አልፎበታል። ሳናሳድሰው ቀረን።»

«ካልታደሰ ምን ይሆናል?»

ከኋላው ያሉት ሁሉ አንገታቸውን ሰበሩ። ጠረጴዛዎቹ እርስ በርስ ተጋጩ።

«ያስተኙናል» አለ በሹክሹክታ።

ነገ ተመለሱ ማለት አምሮኝ ነበር። አላልኩም። «ቆዩ፣ ልጠይቃቸው» ብዬ ወደ ቤት ገባሁ።

እማማ የሉም። አልጋውም የለም። አልጋው በነበረበት ቦታ አራት ማዕዘን የሆነ ንጹሕ ወለል ብቻ ቀርቷል፤ በመዳፌ ስነካው ይሞቃል። የጓሮው በር ክፍት ነው። ጭቃው ላይ የአራት እግር ዱካ አየሁ። የእንስሳ አይደለም፤ ትንንሽ ክብ ነው። አልጋው በገዛ እግሩ ወጥቶ ሄዷል። ዱካውን ተከተልኩ።

አውራ ጎዳናው ላይ አልጋዎች ይሄዳሉ። በየአልጋው ላይ ክራባት ያሰሩ ጎልማሶች፣ ወታደሮች፣ ኳስ ተጫዋቾች እስከ አገጫቸው ተሸፍነው ተጋድመዋል፤ ዓይናቸው ግን እንደፈጠጠ ነው። በግራና በቀኝ ደግሞ ሽባዎቹና ሽማግሌዎቹ ቀጥ ብለው ይራመዳሉ። የእግር ኮቴ አይሰማም። የሚሰማው የአልጋ ሽቦ ሲንቋቋ ብቻ ነው። አንዲት በጣም ያረጁ ሴት ታክሲ በር ላይ ተንጠልጥለው ይጣራሉ፦ «አንድ ጤነኛ የቀረው! አንድ ጤነኛ!»

ሲያዩኝ ታክሲውን አስቆሙና «አንቺ፣ ጤነኛ ነሽ?» አሉኝ።

«እንጃ» አልኳቸው።

«እንጃ የሚባል ወንበር የለንም። በእግርሽ ሂጂ!»

ዱካው አንድ ትልቅ አዳራሽ ደጃፍ ላይ አደረሰኝ። በሩ ላይ መነጽር ያደረገ ሙክት በግ ተቀምጧል። ማስረጃ እንዲሰጠው ሰኮናውን ዘረጋ። ፋይሌ እጄ ላይ ነበር፤ መቼ እንደያዝኩት አላውቅም። የሐኪሞች ቦርድ የሰጠኝን ወረቀት አውጥቼ ሰጠሁት። ጫፉን ቆርጦ አላመጠው።

«ኮፒ ነው» አለ። «ቀለሙ ይጎመዝዛል።»

«ኧረ ዋናው ነው! ሦስት ጊዜ ተመላልሼ ያወጣሁት ነው።»

የቀረውንም ጎረሰና ዓይኑን ጨፍኖ ቀስ እያለ አመነዠከው። «አልዋሹም፤ ዋናው ነው» ብሎ ዋጠ። «ይለፉ።»

«ወረቀቴስ?»

«ገቢ ሆኗል» አለኝ ሆዱን እያሳየ።

አዳራሹ መድረክ ላይ እማማ ተዋበች ቆመዋል። በሁለት እግራቸው ቆመዋል። ወደ ቤታቸው በሙሽርነት ከገባሁ ጀምሮ አጭር ሴት አድርጌ ነበር የማስባቸው፤ እዚያ ግን ራሳቸው ጣሪያውን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ቀኝ እጃቸው ወረቀት ላይ ይሮጣል። አልጋቸው እንደ ውሻ እግራቸው ሥር ተኝቷል።

«ስም?» አሉኝ።

«እማማ፣ እኔ ነኝ እኮ። አዜብ።»

«ኮሚቴ ዘመድ የለውም። የምታመለክቺው ምንድን ነው?»

«ለእርስዎ ድጋፍ እንዲፈቀድልዎ...»

«እኔ ምን ሆንኩና?»

አዳራሹ በአንድ ድምፅ ሳቀና በአንድ ድምፅ አቆመ።

«አመልካቿ አንቺ ነሽ» አሉ እማማ። «መድከምሽን የሚያስረዱ ሦስት ምስክሮች አቅርቢ።»

ምስክሮቹ ተሰልፈው ቆመው ነበር። መጀመሪያ ጎረቤታችን እትዬ ዘሃራ ቀረቡ። እፎይ አልኩ። እትዬ ዘሃራ በአጥራችን በኩል ሁሉንም ያያሉ፤ አንሶላ ስንት ጊዜ እንደማሰጣ ያውቃሉ።

«እሷማ ብረት ናት!» አሉ ደረታቸውን እየመቱ። «አንድ ቀን ደከመኝ ስትል ሰምቻት አላውቅም። ሁሌም ፊቷ ፈገግ እንዳለ ነው። ለልጆቼ ሁሉ የምመኘው እሷን የመሰለች ሚስት ነው!»

አዳራሹ አጨበጨበ። እማማ ፋይሌን ከእጄ ወስደው አንድ ገጽ ገነጠሉና ጠቅልለው አልጋውን አጎረሱት።

ሁለተኛው የዕድራችን ዳኛ ነበሩ። ባርኔጣቸውን አውልቀው «በባለቤቷ ለቅሶ ላይ እንኳ ያስተናገደችን እሷ ናት» አሉ። «አልጮኸችም፤ ደረቷን አልደቃችም። ውኃ የጎደለበትን ሰው ሳይቀር ታይ ነበር። ተገርመን ነው የወጣነው።»

ጭብጨባው በረታ። እማማ ሌላ ገጽ ገነጠሉ። አልጋው አፉን ከፍቶ ተቀበላቸው።

ሦስተኛው ርዕሰ መምህሩ ነበር። «አንድ ክፍለ ጊዜ ቀርታ አታውቅም» አለና ለራሱ አጨበጨበ። እኔ ግን በየወሩ እንደምቀር እሱ ራሱ ጽፎ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶኛል። እንዳልናገር ምላሴ እንደ ጎማ ከብዶኛል። ፋይሌ ባዶ ሽፋን ሆነ።

«ምስክሮችሽ አልራሩልሽም» አሉኝ እማማ። ድምፃቸው ሐዘኔታ ነበረው። «የቀረሽ አንድ ፊርማ ነው። መስኮት ሰባት ሂጂ። እዚያ የምትጠየቂውን በትክክል ከመለስሽ ይፈቀድልሻል።»

መስኮት ሰባት ረጅም ኮሪደር መጨረሻ ላይ ነው። ሰልፍ የለውም። ከመስተዋቱ በስተጀርባ ከፍያለው ተቀምጦ ነበር። ግራጫ ሹራቡን ለብሷል፤ የአንድ እጅጌው ጫፍ የተተረተረውን። ፊቱን አልገልጸውም። ደህና ነበር።

«የባል ስም?» አለኝ ቀና ሳይል።

«ከፍያለው።»

«ከነአባቱ።»

ነገርኩት። በዚያ በደቃቁ ጽሕፈቱ ጻፈው። ሲጨርስ ስሙን ትንሽ ተመለከተውና «ጥሩ ስም ነው» አለ።

«ጥሩ ነው» አልኩት።

«በሕይወት አለ?»

ቅጹን በመስተዋቱ በኩል አየሁት። ሁለት ባዶ ሳጥን አለበት፤ አለ፣ የለም። የለም ብል ድጋፉ ይፈቀዳል። ቃሉ አዲስ አይደለም። ለመዝገብ ቤቱም፣ ለጡረታ ክፍሉም፣ ለመብራት ኃይሉም ብዬዋለሁ፤ ድምፄም ተንቀጥቅጦ አያውቅም። አሁን ግን ብዕሩን ይዞ የሚጠብቀው እሱ ነው። አያውቅም። እስከዚያ ቀን ማንም አልነገረውም ማለት ነው። የምነግረው እኔ ልሆን ነው።

«እትዬ» አለኝ። በትዳር በኖርንበት ዘመን ሁሉ እትዬ ብሎኝ አያውቅም። «ከኋላዎ ሰው ቆሟል፤ ይፍጠኑ።»

ዞርኩ። ከኋላዬ ማንም የለም። ጉሙ ኮሪደሩን ሞልቶ እስከ ወገቤ ደርሷል።

«አለ» አልኩት።

«የት ነው ያለው?»

«እዚሁ ነው። ቅርብ ነው።»

ሳጥኑ ውስጥ ምልክት አደረገ። «እንግዲያው ደጋፊ አለዎት» አለና ማኅተሙን አንስቶ መታ። ማኅተሙ ወረቀት ላይ ሲያርፍ ድምፁ የቆርቆሮ ድምፅ ሆነ። ደግሞ መታ። ደግሞ፣ ደግሞ።

የሚንኳኳው የግቢያችን በር ነበር።

ዓይኔን ገለጥኩ። ፀሐይ ወጥቷል፤ ሰዓቱ ገና ሦስት ነው። ኮሚቴው ቀድሞ መጥቷል። ቀና ስል አጠገቤ እማማ ተዋበች አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለዋል። ሕልሙ ያላለቀ መሰለኝ። እማማ በሰው ተይዘው፣ በትራስ ተደግፈው ካልሆነ ከተቀመጡ ሦስት ዓመታቸው ነው። እኔ በተኛሁበት፣ ባንድ እጃቸው፣ ከራስጌ ያኖርኩትን ንጹሕ ነጠላ ለብሰዋል፤ ሻሻቸውንም አስረዋል። ግራ እጃቸው የአልጋውን ብረት ጨብጦ ደም አልባ ሆኗል።

«ክፈቺላቸው እንጂ» አሉኝ። «ሰው ደጅ ያቆማሉ?»

«እማማ፣ በእግዜር ይተኙ! ተኝተው ነው ሊያዩዎት የሚገባው።»

«ደጄ ድረስ የመጣ ሰው ተጋድሜ ልቀበል? አታሳፍሪኝ፣ አዜብ።»

በሩ እንደገና ተንኳኳ። ከፈትኩ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሐያትና የኮሚቴው ሰብሳቢ ነበሩ። ሐያት ቅጹን በካርቶን ላይ ቆንጥጣ ይዛለች።

«እማማ፣ እንደምን አደሩ?» አለች።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ በጣም ደህና ነኝ። እናንተ ደህና ናችሁ? ቤተ ሰብ ደህና ነው? ግቡ፣ ግቡ፣ ተቀመጡ።»

ሐያት ጻፈች።

«ራስዎን ችለው ይቀመጣሉ?»

«ይኸው እንደምታይኝ።»

ጻፈች።

«መመገብ ላይስ?»

«ምን አጥቼ ልጄ! አዜብ ምን ታጎድልብኛለች።»

ጻፈች። ከብርድ ልብሱ ሥር ጉልበታቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። እንድታየው ብዬ ሐያትን በዓይኔ ጠቀስኳት። የምታየው ቅጹን ነው። ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞሩ።

«መምህርት፣ ማመልከቻዎን አንብበነዋል። ነገር ግን ከራስዎ አንደበት መስማት አለብን። እሳቸውን ለብቻዎ ማስታመሙ ከአቅምዎ በላይ ሆኗል?»

እማማ ቀና ብለው አዩኝ። አሥራ አራት ወር ለየቢሮው ስጽፍ የኖርኩት ያንኑ ዓረፍተ ነገር ነው። በቃሌ አውቀዋለሁ።

«ኧረ ምን ከአቅሜ በላይ ይሆናል» አልኩ። «እናቴ አይደሉ እንዴ።»

ሐያት ይህንንም ጻፈች። ሰብሳቢው «እግዜር ያክብርዎ» ብለው ተነሡ። ሻይም አልጠጡ።

የግቢው በር ሲዘጋ እማማ ወደ ቀኝ ጎናቸው አዘነበሉ። ጭንቅላታቸው ግድግዳውን ሳይመታ ደረስኩ። ላብ በላብ ሆነው ሙሉ ክብደታቸውን ክንዴ ላይ ጣሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ጨዋ ሰዎች ናቸው» አሉኝ ትንፋሻቸው ሲመለስ። «አየሻት ያቺን ልጅ? ያልነውን ሁሉ አንድም ሳታስቀር ጻፈችልን።»