ያልተጠመደ ፍላሽ

(ሐይቅ፣ ጥቅምት 2014። ጦርነቱ ቀርቦ ከተማው እየወጣ ነው። ሙዘይን መናኸሪያው አጠገብ ባለው ኮምፒውተር ቤቱ ዕቃ ይጠቀልላል። የእህቱ ባል ኑርዬ፣ በሬ ነጋዴው፣ የላፕቶፑን ማጥፊያ ተጭኖ ይዟል።)

ሙዘይን፦ ልቀቀው! የበሬ ጭራ መሰለህ እንዴ?

ኑርዬ፦ (ጣቱን ሳያነሳ) እየሞከርኩት ነው።

ሙዘይን፦ ምኑን? የልጅህ የኢልሀም ላፕቶፕ በራሱ አልነሳም ቢል ፍላሽ ላይ ሙሉ ኮምፒውተር ጫንኩላት። በፍላሹ አስነሳሁት፣ የመመረቂያ ጽሑፏንም ፈልጌ አውጥቼ እዚያው ከተትኩ። ላፕቶፑን ጉድጓድ እንቀብራለን፣ ፍላሹን ይዘን ደሴ እንገባለን። ኢልሀም ያገኘችው ማሽን ላይ ትሰካለች፣ ካቆመችበት ትቀጥላለች።

ኑርዬ፦ ሲጠፋ ጽሑፉ የት ያድራል?

ሙዘይን፦ እዚያው ነዋ! ወላሂ፣ አንተን ከማስረዳት ሐይቁን በጭልፋ መጨለፍ ይቀላል።

ኑርዬ፦ አንድ ሰው ሐር የመሰለ በሬ አመጣልኝ። ጥርሱ ሙሉ፣ ሻኛው ተራራ። «ያርሳል?» አልኩት። «እንደ ማሽን!» አለኝ። ጠመድኩት። ተኛ።

ሙዘይን፦ ታዲያ?

ኑርዬ፦ ሳልጠምድ አልገዛም። (ማሽኑ ጠፋ።) በል አስነሳው።

(ሙዘይን እያጉረመረመ አስነሳው። ፈለገ። ደግሞ ፈለገ። ላቡን ጠረገ።)

ኑርዬ፦ ተኛ?

ሙዘይን፦ ጽሑፉ… የለም።

ኑርዬ፦ ምን በላው?

ሙዘይን፦ ስጭን ስንት ቦታ ለማስቀመጫ ልተው ብሎ ይጠይቃል። ስቸኩል ዜሮ ላይ አለፍኩት። ማስቀመጫ ከሌለው ሲጠፋ ሁሉንም ይረሳል።

ኑርዬ፦ ጎተራ የሌለው ቤት ሰርተህ ነዋ እህል የምታስገባ።

ሙዘይን፦ ደግነቱ ላፕቶፑ ገና አልተቀበረም።

ኑርዬ፦ አልሐምዱሊላህ። ቀብረነው ቢሆን ሁለተኛውን ጉድጓድ ላንተ ነበር የምቆፍር።

(ሙዘይን እንደገና ጫነ፤ አሁን ለማስቀመጫ ቦታ ሰጠው። ጽሑፉን መለሰ። ለራሱም አንድ ቅጂ ሌላ ፍላሽ ላይ ሰራ። ኑርዬ ሁለቱንም አጠፋ፣ አስነሳ፣ አየ። ጽሑፉ አለ።)

ሙዘይን፦ አረሰልህ?

ኑርዬ፦ አረሰ። (ከአንገቱ የቆዳ ክታቡን አውልቆ ስፌቱን ይተረትራል።)

ሙዘይን፦ ምን እያደረግህ ነው?

ኑርዬ፦ ኬላ ላይ ይፈትሻሉ። ፍላሽ ካገኙ ይወስዳሉ።

ሙዘይን፦ ዩኒቨርሲቲን በክታብ! አላህ ይይልህ! ኢልሀም ብትሰማ በሳቅ ትሞታለች። መደበቅ እንዲህ ነው፤ እይ። (የራሱን ፍላሽ ካልሲው ውስጥ ይከታል።) ጭንቅላት ይጠይቃል፣ አማቼ።

ኑርዬ፦ እግርህ ላይ ነው እንዴ ጭንቅላትህ?

ሙዘይን፦ ስፋ፣ ስፋ! ስትጨርስ እንትፍ በልበት፣ ቫይረስ እንዳይዘው።

(ኬላውን አልፈው፣ ደሴ በር። ሙዘይን በባዶ እግሩ ይራመዳል።)

ኑርዬ፦ ጭንቅላትህስ?

ሙዘይን፦ ከነጫማው ከነካልሲው ወሰዱት። አንተንስ?

ኑርዬ፦ ፈታሹ አንገቴን ያዝ አደረገና «ይህ ክታብ የምን ነው?» አለኝ።

ሙዘይን፦ ያ አላህ! ምን አልከው?

ኑርዬ፦ እውነቱን ነዋ። «አማቼ የሰራልኝ የመርሳት መድኃኒት ነው» አልኩት።

ሙዘይን፦ እሱስ?

ኑርዬ፦ አንተን አየና «ለራሱም ያስር» አለኝ።

(ኢልሀም በሰኔ ተመረቀች። ላፕቶፑ ከጉድጓዱ አልተገኘም።)