«ሰው አለኝ» የሚሉት ጋሽ ዘገዬ

አራዳ ውስጥ ቧንቧ ያልገባለት መንደር ነበረ፤ መብራት ያልደረሰው መንደርም ነበረ። «ሰው አለኝ» ባይ የሌለው መንደር ግን አልነበረም። ስኳር ሲጠፋ ሰው አለው። መታወቂያ ሲጠፋ ሰው አለው። ጣራ ሲያፈስ፣ በሽተኛ አልጋ ሲያጣ፣ ሬዲዮ አልናገር ሲል ሰው አለው። ሰውየው ማን እንደሆነ፣ የት እንደሚሠራ፣ መልኩ ምን እንደሚመስል አይጠየቅም። ብቻ አለ።

ዘርፌ የምትባል ወጣት በምትኖርበት መንደር፣ ከፒያሳ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ በሚወስደው ቁልቁለት፣ ይህን ማዕረግ የያዙት ጋሽ ዘገዬ ነበሩ። ቀልደኞች «ክቡር ባለሰው» ይሏቸዋል፤ አብዮቱ ከፈነዳ ወዲህ ደግሞ ዘመኑ እንዳይቀየም «ጓድ ሰው አለኝ» ሆኑ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ክረምት ከበጋ ቡናማ ባርኔጣ የማይለያቸው ሰው ናቸው። የደረት ኪሳቸው ላይ ሁለት እስክሪቢቶ ይሰካሉ፤ አንዱ አይጽፍም። የጎን ኪሳቸው በታጠፈ ወረቀት ያበጠ ነው። ሠላሳ ዓመት የሠሩበት የብረታ ብረት መደብር ከተወረሰ ጀምሮ ሥራ የላቸውም፤ ሥራ ፈተው ያያቸው ግን የለም። ስማቸው ዘገዬ ይሁን እንጂ ዘግይተው አያውቁም። ችግር አንድ ቤት ሳይገባ እሳቸው በሩ ላይ ናቸው።

የወይዘሮ የሺዓለም ልጅ ስታገባ፣ «የሙሽራ መኪና ለእኔ ተዉት፤ ሰው አለኝ» አሉ። የሠርጉ ዕለት ግንባሩ ላይ አበባ የታሰረለት የዳቦ ቤት ፊያት ጡሩንባውን እየነፋ መጣ። ሙሽራይቱ ከነቬሏ ዱቄት ለብሳ ወረደች፤ ሚዜዎቹ ቀኑን ሙሉ ትኩስ ዳቦ ሲሸቱ ዋሉ። ጋሽ ዘገዬ ግን ቅር አላላቸውም። «መርሴዲስ ቢሆን ቤንዚን ነበር የምትሸቱት» አሉ።

አቶ ፍስሃን ጥርስ ሲያመው ደግሞ «ሐኪሙ ዘንድ ሰው አለኝ» ብለው እጁን ይዘው ወሰዱት። ሰውየው ሐኪም አልነበረም፤ ነርስም አልነበረም። ከፊታቸው ወረፋ የያዘ፣ ጉንጩ ያበጠ ሌላ በሽተኛ ነበር። ጋሽ ዘገዬ ጆሮው ላይ ምን እንዳሉት አይታወቅም፤ ተራውን ለቀቀ።

ከእሳቸው ጋር ፒያሳን ማቋረጥ ራሱን የቻለ ጉዞ ነው። የአሥር ደቂቃውን መንገድ አንድ ሰዓት ይፈጁበታል። የወርቅ ቤቱን ሚዛን ያዥ፣ ኬክ ቤቱ ባንኮኒ ላይ የምትቆመዋን ልጅ፣ የሰይቼንቶ ታክሲውን ሞተር ከፍቶ የሚያበርደውን ሹፌር፣ ሁሉንም ባርኔጣ አንስተው ሰላም ይላሉ። ሰላምታቸውን የመለሰ ሁሉ በዚያው ቅጽበት «ሰው» ሆኖ ይመዘገባል። ዘርፌ ዛሬ ያን መንገድ ስታስበው ቀድሞ አፍንጫዋ ውስጥ የሚገባው የቦምቦሊኖ ሽታ ነው። ያን ጊዜ ግን በልቧ «ወይ ጣጣ» እያለች፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ነበር የምትከተላቸው።

የተከተለቻቸውም ወዳ አይደለም። በ1975 ዓ.ም. ዘርፌ ቸርችል ጎዳና ላይ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበረች። አንድ ቀን ወደ ክፍለ ሀገር የሚዛወሩ ሠራተኞችን ዝርዝር በታይፕ እንድትመታ ተሰጣት። ሰባተኛው ተራ ላይ የራሷን ስም አገኘችው። ጅማ። በአንድ ወር ውስጥ። ያለ አንድ ስህተት መታችው፤ ከዚያ ሽንት ቤት ገብታ አለቀሰች።

ያስለቀሳት ጅማ አልነበረም። ቤት ውስጥ እትዬ ሙሉነሽ ነበሩ። የአባቷ እህት ናቸው፤ ከአራት ዓመቷ ጀምሮ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ባለፈው ክረምት ወድቀው ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ግድግዳ ሳይዙ አይራመዱም፤ አንድ ዓይናቸውንም ሞራ ጋርዶታል። ቀን ሙሉ በአውቶቡስ አስጭና፣ ቤት ወዳላገኘችበት አገር አትወስዳቸው ነገር።

«ምን ያነፋርቅሻል?» አሉ እትዬ ሙሉነሽ ነገሩን ሲሰሙ። «መጦሪያ አስገቢኝና ሂጂ። ድስት ጎረቤት አስቀምጦ መሄድ ያለ ነው።»

«ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ተብሎ በሚመረቅበት አገር መጦሪያ የሚለው ቃል ድምፅ ተቀንሶ ነበር የሚነገረው። ዘርፌም ቀንሳ ተናገረችው። ጋሽ ዘገዬ ግን ከበሩ ማዶ ሰምተው ገቡ።

«መጦሪያ? ሰው አለኝ።»

መጀመሪያ የሄዱት ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለ ነጻ መጦሪያ ነው። የጋሽ ዘገዬ ሰው ዘበኛው ነበር። ዘበኛው በሩን በትንሹ ከፍቶ ከላይ እስከ ታች አያቸውና «ማን ልበል?» አለ። ያም ሆኖ ገቡ። ግቢው ተጠርጓል፤ አልጋዎቹ በረድፍ ናቸው፤ አሮጊቶቹ ግድግዳ ተደግፈው ፀሐይ ይሞቃሉ። ዘርፌ ብርድ ልብሱን በሁለት ጣቷ ቆንጥጣ ውፍረቱን አየች። ደህና ነው። አስተዳዳሪዋ አንድ አልጋ ባዶ እንዳለ ነገሯቸው፤ ለዚያ ግን ሴትዮዋ ጧሪ እንደሌላቸው ምስክር ቀርቦ፣ ቀበሌው የጻፈው ወረቀት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው አፍንጮ በር፣ ሲስተር ዓለምጸሃይ ቤት ነበር። ሲስተር ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ በገዛ መኖሪያቸው አራት አሮጊቶች ያስታምማሉ። መስኮቱ ላይ ጤናዳም በቆርቆሮ ተተክሏል፤ አንሶላው የፀሐይና የሳሙና ሽታ አለው። ዘርፌ ገና ደጃፉ ላይ ወደደችው።

«በወር ዘጠና ብር» አሉ ሲስተር።

የዘርፌ ደመወዝ ሁለት መቶ ሠላሳ ነበር።

«ኪራይ ነው እንዴ?» አሉ ጋሽ ዘገዬ፣ የግል ኪራይ የከለከለውን የቤት አዋጅ ለማስታወስ ያህል ጉሮሯቸውን እየጠረጉ።

«ኪራይማ የለም። እንግዶቼ ናቸው። እንግዳ ግን ባዶ እጁን አይመጣም።»

«ይቀንሱ እንጂ ሲስተር። እትዬ ሙሉነሽ ብዙ አይበሉም።»

«ይበላሉ» አለች ዘርፌ ቀስ ብላ። «ቁርስ ሁለቴ ነው የሚበሉት።»

ጋሽ ዘገዬ ባርኔጣቸውን አውልቀው ውስጡን ተመለከቱ። ወደ ቤት ሲመለሱ ግን ተስፋቸው ሙሉ ነበር። «ነጻው ይሻላል። ቀበሌ ሰው አለኝ። ምስክሩም እኔው ነኝ፤ ሰው የላቸውም ማለት ብቻ አይደል?»

በማግሥቱ እትዬ ሙሉነሽን በታክሲ ቀበሌ ወሰዷቸው። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ የሐኪም ተራ እንደሚጠብቅ ሰው ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ጸሐፊው ጓድ ጌቱ ፎርሙን ዘረጋ።

«ልጅ?»

«አልወለድኩም።»

«ባል?»

«ሞቷል። ደግ ሰው ነበር፤ እሱንም ጻፈው።»

«ለእሱ ቦታ የለውም እማማ። የወንድም ልጅዎ እንደምትዛወር አውቃለሁ። ሌላ የሚጦርዎት ሰው አለ?» አለና ወደ ምስክሩ ዞረ። «ጓድ ዘገዬ፣ ይመስክሩ። ሰው አላቸው ወይስ የላቸውም?»

ጋሽ ዘገዬ ተነሡ። ጠዋቱን ሙሉ የተለማመዱት ነገር ነው። «ሰው...» አሉ። ቆሙ። ባርኔጣውን ከግራ እጅ ወደ ቀኝ አዛወሩት። «ሰው...»

«በል እንጂ ዘገዬ» አሉ እትዬ ሙሉነሽ። «ሰው የላትም በለው። አልቀየምህም።»

ይህን ባይሉ ኖሮ ሳይሻል አይቀርም ነበር። ጋሽ ዘገዬ አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ ፎርሙን አዩና «አለኝ» አሉ። «ማለቴ፣ አላቸው።»

ጓድ ጌቱ እስክሪቢቶውን አነሣ። «ማን? ስም ያስፈልጋል።»

ሃያ ዓመት ሙሉ ያን ሰው በስሙ የጠራው አልነበረም።

«ዘገዬ ብለህ ጻፍ።»

ተጻፈ። ማኅተም ተመታበት። የመጦሪያው ባዶ አልጋ ነገር በዚያው አበቃ።

ዘርፌ አክስቷን ቤት አስገብታ ስትወጣ ጋሽ ዘገዬ አጥሩ ሥር ቆመው ነበር። በሕይወቷ ሽማግሌ ላይ ድምጿን ከፍ አድርጋ አታውቅም።

«ሁለት ሳምንት ነው የቀረኝ» አለች። «እርስዎ በአንድ ክፍል ቤት፣ በዚያች ጡረታ፣ ምን አድርገው ነው የሚጦሯቸው?»

«ግድ የለሽም ልጄ፣ ሲስተር ዓለምጸሃይ ዘንድ ሰው...»

«ጋሽ ዘገዬ፣ እባክዎ፣ ሰው አይኑርዎት።»

ባርኔጣቸውን ደፍተው ወረዱ። ዘርፌ ቤት ገብታ የተናገረችው ነገር ሲያንገበግባት ዋለ። ጠርታ ይቅርታ ልትጠይቃቸው ግን አፈረች።

በአራተኛው ቀን ጠዋት በሩ ላይ ነበሩ። «ሃምሳ ብር» አሉ። «ሲስተር ተስማምታለች። ሰኞ ይግቡ ብላለች።»

«እንዴት አድርገው?»

ሰው አለኝ አላሉም። «ተነጋገርን» ብቻ ብለው ሄዱ።

ሰኞ እትዬ ሙሉነሽ አፍንጮ በር ገቡ። ፍራሹን ተጭነው አዩት፤ አጠገባቸው የተኛችውን አሮጊት የምታንኮራፋ እንደሆነ ጠየቁ፤ ሲስተርን ቁርስ ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቁ። ከዚያ ዘርፌን ግንባሯን ስመው «በይ አውቶቡሱ እንዳያመልጥሽ» አሉ። አውቶቡሱ የሚነሣው ከነገ ወዲያ ነበር።

ዘርፌ ጅማ ሆና በየወሩ ሃምሳ ብር ላከች። ሲስተር የሚጽፉላት አጭር ደብዳቤ ነበር፦ አክስትሽ ደህና ናቸው፤ ስኳር ያበዛሉ። ስኳር በካርድ በሚሸጥበት፣ አንዳንድ ወርም ጨርሶ በሚጠፋበት ዘመን እትዬ ሙሉነሽ ከየት አምጥተው እንደሚያበዙ ዘርፌ አልገባትም። ከሩቅ ስትሆኚ ስንቱ ይገባሻል ብላ ተወችው።

በአሥራ አንደኛው ወር የዓመት ፈቃድ ወጣች። ቅዳሜ ጠዋት አንድ እስር ሸንኮራና አንድ ጠርሙስ ማር ይዛ ወደ አፍንጮ በር ስትወጣ፣ የኅብረት ሱቁ ሰልፍ መንገዱን ይዞ ተጠማዞ አገኘችው። ከሰልፉ መካከል ቡናማ ባርኔጣ አየች።

ጋሽ ዘገዬ ነበሩ። ክሳት ጨምረዋል። ክንዳቸው ላይ አምስት ዘንቢል ተንጠልጥሏል፤ እንዳይምታቱ እጀታቸው ላይ የተለያየ ክር ታስሯል፤ ቀይ፣ ጥቁር፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ነጭ። እጃቸው ላይ እንደ ካርታ የተዘረጋ የራሽን ካርድ ይዘዋል።

«ማንን ነው የምታዪው እህቴ?» አለች ሰልፉ ጫፍ ላይ የቆመች ሴት። «እኚያን ሽማግሌ? የሲስተር ዓለምጸሃይን አሮጊቶች ሁሉ ራሽን የሚያወጡት እሳቸው ናቸው። ሲስተር በሽተኞቿን ጥላ ሰልፍ መቆም አትችልማ። ማክሰኞ ለዳቦ፣ ቅዳሜ ለስኳርና ለሳሙና። ዓመት ሊሞላቸው ነው። ዝናብ ሲመጣ እንኳ ዘንቢሉን ነው የሚሸፍኑት።»

ዘርፌ ሸንኮራውን ግድግዳ አስደግፋ ዘንቢሎቹን ቆጠረች። ዘጠናው እንዴት ሃምሳ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባት።

«ጋሽ ዘገዬ» አለች ቀርባ።

ዞሩ። አይተዋት ደስ አላቸው፤ ወዲያው ደግሞ ዘንቢሎቹን ከጀርባቸው ሊደብቁ ሞከሩ። አምስት ዘንቢል ከቀጭን ሰው ጀርባ አይደበቅም።

«ዘርፌ፣ መቼ መጣሽ?» አሉ። «እኔማ እዚህ ሰው ቀጥሮኝ ነው። ትልቅ ሰው ነው፤ አሁን ይመጣል።»

«ይቆይ ይሆን?»

«ሊቆይ ይችላል። ሥራ ይበዛበታል።»

ዘርፌ ባለ ቀይ ክሩንና ባለ ጥቁሩን ዘንቢል ከክንዳቸው አወለቀች። እሳቸውም አልከለከሏትም።

«እንግዲያው አብረን እንጠብቀው» አለች፤ አጠገባቸውም ቆመች።

ሰልፉ አንድ እርምጃ ፈቀቅ አለ። እነሱም ፈቀቅ አሉ።