ወፍጮው ደረሰኝ የፈጨበት ሌሊት

ዛሬ ሌሊት ሕልም አየሁ። ሕልም እንደ ፈቺው ነው ይባላልና ፈቺ የሆናችሁ ፍቱልኝ፤ እኔ ከንዴቴ የተነሣ ልፈታው አልቻልኩም።

መጀመሪያ ግን ምን ይዤ እንደተኛሁ ልንገራችሁ። በከተማችን ካለፈው ቅዳሜ ጀምሮ ነጋዴ የተባለ ሁሉ፣ ትንሽ ትልቅ ሳይባል፣ የሸጠውን እዚያው በሸጠበት ደቂቃ በማሽን ለገቢ ቢሮ መላክ አለበት። ያልላከ ይታሸጋል። እኔ ሙሉሸዋ ያለኝ አንድ ወፍጮ ቤት እንጂ ባንክ አይደለም። ቢሆንም ማሽኑን ገዛሁ፣ ሥልጠናውን ተቀመጥኩ፣ ዱቄት በነካው ጣቴ ቁልፉን እየጫንኩ ተለማመድኩ። ማሽኑን ከሲስተሙ ጋር ለማገናኘት ቢሮ በሄድኩ ቁጥር አሠልጣኙ አቤኔዘር «ነገ ይምጡ» ይለኛል፤ በነገታው ስሄድም «ነገ»። ይህ አቤኔዘር የጎረቤቴ የእትዬ ብርቄ ልጅ ነው፤ ያደገው እኔ በፈጨሁት ዱቄት ነው። በስንት ልመና ዓርብ ዕለት «ተገናኝቷል» ተባልኩ። ልቤ ግን አላረፈም። ወፍጮው ከታሸገ እኔና ልጆቼ የምንቀምሰው የለም። ይህን ሳብሰለስል አምሽቼ፣ እሑድ ማታ ሻማዬን እፍ ብዬ ተኛሁ።

በሕልሜ ወፍጮ ቤቴ ሄድኩ። ጆንያዎቹ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ አንደኛው እግሩን አነባብሮ ጋዜጣ ያነባል። የገቢ ቢሮ ሠራተኞች በሙሉ፣ ከኃላፊው እስከ ዘበኛው፣ ኮምፒውተራቸውን በጀርባቸው አዝለው ፀሐይ ላይ ተሰልፈዋል።

«ምን ፈልጋችሁ ነው?» አልኳቸው።

«ልናስፈጭ ነበር» አለ ኃላፊው ባርኔጣውን አውልቆ። «እነዚህን ጆንያዎች ጠጋ በሉልን ብንላቸው እምቢ አሉን።»

«እውነታቸውን ነው። ነገ ኑ።»

«ትናንትም እርስዎ እንዲሁ ብለውን ነበር።»

«ታዲያ ለምን መጣችሁ? ነገ አልኩ እኮ!»

እንዲህ ስል እንዴት ደስ እንዳለኝ አልደብቃችሁም። ኃላፊው እጅ ነሥቶ ወደ ሰልፉ ጫፍ ተመለሰ፤ ጫፉም ወንዝ ተሻግሮ ስለነበር ዋኝቶ ነው የደረሰው።

እትዬ ብርቄ ከሁሉ ቀድማ ገባች። ጤፏን በወፍጮው አፍ ጨመርኩላት። ወፍጮው እየጮኸ ተነሣ፤ ከታች ግን ዱቄት መውጣቱ ቀርቶ ደረሰኝ ይጎርፍ ጀመር። ነጭ፣ ረጅም፣ የማያልቅ ደረሰኝ። ያ የገዛሁት ማሽን ደግሞ በወዲያ በኩል እያስነጠሰ ዱቄት ይተፋል። እትዬ ብርቄ ደረሰኙን በሁለት ጣቷ አሸት አሸት አድርጋ ቀመሰችው።

«ሸካራ ነው። ይደገምልኝ።»

«ለምን የሚሆን ነው?»

«ለእንጀራ ነዋ! ለገንፎ ቢሆን እንዲህም ይበቃኝ ነበር።»

ደገምኩላት። በደገምኩት ቁጥር ተጨማሪ እሴት ታክስ እየታከለበት ጆንያው ሞልቶ ፈሰሰ። በሕልሜም ውስጥ ሆኜ ደሜ ፈላ። ሰው እህል ይዞ መጥቶ ወረቀት ተሸክሞ ይመለሳል? ልጅ ራበኝ ሲል ደረሰኝ ይጎርሳል? ይህን የፈረደ ሰው ወፍጮ ቤት በር ቆሞ ያውቃል?

እየጮህኩ ሳለሁ ወፍጮ ቤቱ ቢሮ ሆነ። ከትልቁ ጠረጴዛ ኋላ የእትዬ ብርቄ አህያ ከረባት አስራ ተቀምጣለች። ኦዲተር ሆናለች። ማንም አልገረመውም፤ እኔንም አልገረመኝም። ከፊቷ አቤኔዘር ሚዛን ላይ ቆሟል።

«ስንት ጊዜ ‹ነገ ይምጡ› ብለሃል?» አለችው አህያዋ።

«አላስታውስም።»

«ለእያንዳንዱ ደረሰኝ ቆርጠሃል?»

«‹ነገ ይምጡ›ም ደረሰኝ አለው እንዴ?»

«ስለዚህ ያለ ደረሰኝ ስታከፋፍል ኖረሃል!» ብላ ጠረጴዛውን በሰኮናዋ መታችው።

«ሕጉን አላወቅኩም ነበር፣ እመቤቴ።»

«ሕግን አለማወቅ ከተጠያቂነት አያድንም።»

ይህችን አነጋገር ሥልጠናው ላይ ያስተማረን እሱ ራሱ ነበር። ለእኔ ነበር የተናገራት፤ ቁልፉ የቱ ነው ብዬ ስጠይቀው። አሁን አንገቱን ደፍቶ ሲሰማት እልል ልል ትንሽ ቀረኝ።

ቀጥሎ ኃላፊው ተጠራ። አህያዋን ሲያይ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ዞር ብሎ ዱላ አነሣና አጠገቡ የቆመውን ጆንያ ይወግር ጀመር። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸው ነው! አገሩን ሁሉ እንዲህ አይደለም እንዴ የሚያስተዳድሩት? ሕልም ስለሆነ ግን ጆንያው ዝም ብሎ አልተወገረም። ዱላውን ያዘና፣

«እኔን ተወኝ፤ ባለ አራት ፎቁን ጥራው» አለ።

ባለ አራት ፎቁ አቶ መንበሩ በዋናው መንገድ ላይ ሕንፃ የገተረ ነጋዴ ነው፤ በመዝገብ ግን ከእኔ ያነሰ ተብሎ ተጽፏል ይባላል። ተጎትቶ መጣ። የተቀደደ ኮት ለብሶ በእጁ ሦስት ቲማቲም ይዟል።

«ሀብቴ ይኸው ነው» አለ። «የጉልት ሰው ነኝ።»

«ኪስህ ውስጥ ያለውስ?» አለች አህያዋ።

«መሃረቤ ነው።»

አህያዋ መሃረቡን በጥርሷ ስባ አወጣችና አራገፈችው። መሬት ሲነካ አራት ፎቅ ሆኖ ቆመ። መስታወቱ ያብረቀርቃል፣ ሊፍቱ ሰው ጭኖ ይወጣል ይወርዳል። የቢሮው ሠራተኞች ሁሉ አንጋጥጠው አዩት።

«ይህን አይተን አናውቅም» አሉ በአንድ ድምፅ።

«ውሸታሞች!» ብዬ ጮህኩ። «ማሽኑን ልታገናኙልኝ ባመላለሳችሁኝ ጊዜ ሁሉ በዚህ ፎቅ ጥላ ሥር ነው ያለፍኩት! እኔ ያየሁትን እናንተ እንዴት አታዩትም? የእኔን አንድ ቁና እህል ከየት ሆናችሁ ነው ያያችሁት?»

ኃላፊው ጣሪያውን ማየት ጀመረ፤ ጣሪያው ግን ከእግራችን በታች ስለነበር ጎንበስ ብሎ ነው ያየው።

አህያዋ ተነሥታ ሙጫና ማሸጊያ ወረቀት ሰጠችኝ። «ቢሮውን እሸጊ» አለችኝ። ጆንያዎቹ በሙሉ ከወንበራቸው ተነሥተው «እሸጊ! እሸጊ!» አሉ። አቤኔዘር በመስኮት ብቅ ብሎ ይለምነኝ ጀመር።

«እትዬ ሙሉሸዋ፣ ውስጥ ሰው አለ እኮ! ምሳችንም እዚሁ ነው!»

አላዘንኩለትም። እንዲያውም ሙጫውን ደረብኩበት። ለዚህች ደቂቃ ዕድሜዬን ሁሉ የጠበቅኩ መሰለኝ። ወረቀቱን ልለጥፍ እጄን ስዘረጋ አህያዋ አስቆመችኝ።

«ከማሸግሽ በፊት ሙሉሸዋ መሆንሽን የሚያረጋግጥ ማስረጃ አምጪ።»

«አንቺው ታውቂኝ የለም ወይ? ስንት ዓመት ጤፍ ጭነሽ በሬ ላይ ስትቆሚ!»

«እኔ አህያ ነኝ። የአህያ ምስክርነት አይያዝም።»

ልሰድባት አፌን ከፈትኩ። ከአፌ ቃል ሳይሆን ደረሰኝ ወጣ። ብስበው ብስበው አያልቅም። እየጎተትኩ፣ እየታነቅኩ ሳለሁ አንድ ነገር ይደበደብ ጀመር፤ ቧ፣ ቧ፣ ቧ።

የቤቴ በር ነበር። ነግቷል። ነጠላዬን ጣል አድርጌ ስወጣ አቤኔዘር ከሁለት ሰዎች ጋር ከቤቴ ጎን ባለው ወፍጮ ቤቴ በር ላይ ቆሟል። አንደኛው የሙጫ ባልዲ ይዟል።

«ይቅርታ እትዬ ሙሉሸዋ፣ ትእዛዝ ነው» አለኝ መሬት መሬት እያየ። «ቅዳሜም እሑድም ምንም አልላኩም።»

«ምን ፈጭቼ ልላክ? መብራት ከዓርብ ማታ ጀምሮ የለም! የሰፈሩ እህል ሁሉ እንደመጣ ውስጥ ተቀምጧል።»

«ካልፈጩ ዜሮ ብለው መላክ ነበረብዎት።»

«በምን?»

«በማሽኑ።»

«ማሽኑ በምን ይሠራል?»

ባለ ባልዲው ሳቁን ዋጥ አደረገ።

«በመብራት» አለ አቤኔዘር።

«ታዲያስ?»

«መብራት ለመጥፋቱ ማስረጃ ካለዎት ይዘው ይምጡና አቤቱታ ያስገቡ። ነገ።»

ጮህኩ። ሰፈሩ እስኪወጣ ጮህኩ። ፈጣሪን ጠራሁ፣ ሕግን ጠራሁ፣ እናቱ ያጠባችውን ጡት ጠራሁ። የልጆቼን ጉሮሮ ነው የዘጋኸው አልኩት። ጎረቤቱ ሁሉ ከንፈሩን መጠጠ፤ ባለ ባልዲው ሙጫውን ቀባ፤ አቤኔዘር ማሸጊያውን ለጠፈና ፈረመበት።

ይህን ጊዜ እናቱ እትዬ ብርቄ ባለ ጋሪ አስከትላ መጣች። ዱቄት አልቆባታል፤ ጤፏን ከእኔ ዘንድ አውጥታ ከወንዝ ማዶ ወዳለው የናፍጣ ወፍጮ ልትወስድ ነው። በሩን አየች። ልጇን አየች።

«ክፈትና ጤፌን ስጠኝ» አለችው።

«አይቻልም እማዬ። ታሽጓል።»

«ማን አሸገው?»

ብዕሩን ወደ ኪሱ ከተተ። እትዬ ብርቄ ፊደል አልቆጠረችም። ጠጋ ብላ ወረቀቱን በጣቷ ጠቆመች።

«ምን ይላል? አንብብልኝ።»

«ይህን ማሸጊያ የነካ ወይም የቀደደ…» ብሎ ጀመረና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ጮክ በል» አለችው እናቱ። «ማታ ምን እንደምትበላ ልስማ።»