የሸክላዬ ዋስ

አቶ ደምሴ በደሉኝ። ስማቸውን አስቀድሜ የምጠራው፣ በዳዩን ሳይጠሩ በደል ማውራት ወጥ የሌለው እንጀራ መብላት ስለሚሆንብኝ ነው። የደብረ ብርሃኑ የባና ብርድ ልብስ ነጋዴ፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ ጥርሳቸው እስከ ዛሬ የተሟላ አቶ ደምሴ።

ሰው ሁሉ ለዕቃው የሚፈራው ሌባን ነው። ተሳስቷል። ዕቃን የሚፈጀው ወዳጅ ነው። ሌባማ ይጠነቀቅለታል፤ ሊሸጠው ነዋ!

ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሲሞት የተወልኝ አበባ የመሰለ አፍ ያለው የሸክላ ማጫወቻ ነበር። እጀታውን ካጠነጠኑለት ያለ እህል ውሃ ይዘፍናል። እሱን በበቅሎ ጭኜ ከሰርግ ሰርግ መዞር እንጀራዬ ሆነ። ቤቴ ስመለስ ደግሞ ባሌ የሚወደውን ሸክላ ለራሴ አስዘፍናለሁ። ሸክላው የተጫረ ቦታ አለው፤ እዚያ ሲደርስ አንዷን ቃል ሦስቴ ይደግማታል፦ «ነይ፣ ነይ፣ ነይ።» የምሄድበት ባይኖረኝም ደስ ይለኝ ነበር።

ታዲያ ጫጫ ከተማ አንድ ሰርግ ላይ የሙሽራው አጎት በቅሎ ድምፁን ሰምታ በረገገችና ሰውየውን አጥር ላይ ጣለቻቸው። ማንን ከሰሱ? በቅሏን? እኔን! ሽማግሌ ፊት ቀርቤ ማጫወቻዬ ሰው አልገፋም ብል ማን ሰምቶኝ። ኋላም ለመኪና ኢንሹራንስ የሚጽፍ ክራባታም ከአዲስ አበባ መጣ ሲሉኝ ሄድኩ። ለዕቃዬም፣ ዕቃዬ ለሚያደርሰው ጥፋትም ጻፍልኝ ብዬ ብለምነው፣ ወረቀቱን ቢያገላብጥ ቢያገላብጥ ለሚዘፍን ዕቃ የሚሆን ቦታ አጣ። «እማማ፣ ጎማ አለው?» አለኝ። ጎማ! ያኔ እማማ ማለቱንም ገና ይቅር አላልኩትም።

እኔ ሀሁን ቆጥሬ መልእክተ ዮሐንስ ላይ የቆምኩ ሴት ነኝ፤ ቢሆንም የራሴን ሕግ አወጣሁ። ማጫወቻዬን የሚፈልግ ሁለት ዋስ ይጥራ፤ አንዱ ለዕቃው፣ አንዱ ዕቃው ለሚያጠፋው።

አቶ ደምሴ የእህታቸውን ልጅ አንኮበር ሊድሩ ሲሉ መጡ። ዋስ ይጥሩ ብላቸው፣ «ለሁለቱም እኔው ነኝ፤ ዕቃው ቢጎድል ዕቃውን፣ ድምፁ ቢጎድል ድምፁን እተካለሁ፤ ንጉሥ ይሙት!» አሉ። የአህያ ባል ከጅብ እንደማያስጥል እያወቅሁ አመንኳቸው። ስለ ጥርሳቸው ነግሬያችሁ የለ?

ዳሱ ውስጥ ማጫወቻው አንጀት የሚበላ ዘፈን ጀመረ። አቶ ደምሴ ጠጅ ቢጤ ቀምሰዋል። አዝማሪ ሲያስደስት ስሙኒ ግንባሩ ላይ ይለጠፍለት የለ? ስሙኒ ይዘው ተነሡ። ግንባር ፈለጉ፤ ግንባር የለም። «ተቀበል ወንድሜ!» ብለው ስሙኒውን አፉ ውስጥ ጣሉለት። ዘፋኙ ታነቀ። ያ አልበቃ ብሎ፣ ላውጣለት ሲሉ በሽመላቸው ጎረጎሩት። ጭጭ።

እንዴት እንደ ሰደብኳቸው አልጽፈውም፤ ወረቀት ነውር ያውቃል። እሳቸው ግን ቃላቸውን አላጠፉም። ዕቃውን ለሚያውቁት ሾፌር ሰጥተው ለጥገና አዲስ አበባ ላኩት። በሚቀጥለው እሁድ ደግሞ ደጄ ላይ ቆመው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ምን ፈልገው ነው?» ብላቸው፣ «ወይዘሮ አስካለ፣ ለድምፁም ዋስ ነኝ ብዬ የለም እንዴ?» አሉና ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው የባሌን ዘፈን ለቀቁት። ድምፃቸው? የአሊዩ አምባ ግመል ዳገት ስታይ የምታሰማው ዓይነት ነው። ግን እዚያች የተጫረች ቦታ ሲደርሱ፣ «ነይ፣ ነይ፣ ነይ» ብለው ሦስቴ ደገሙ። ከየት አወቁት? ለካስ በአጥሬ ጥግ ሲያልፉ ስንት ዓመት ቆመው ሰምተዋል።

እሁድ እሁድ መጡ። ሁዳዴ ሲገባ ዘፈን ነውር ነው ብላቸው፣ ቃሉን ትተው ዜማውን ብቻ በአፍንጫቸው ያጉተመትሙት ጀመር። እኔም ለመሳደብ እንዲመቸኝ ደጅ ወንበር አወጣሁ። ኋላ ሁለተኛ ወንበር ጨመርኩ፤ ድንጋይ ላይ የተቀመጠ ሰው መስደብ አይመችማ።

ሰኔ ሊገባ ሲል ዕቃው ድኖ መጣ። አቶ ደምሴ ራሳቸው ተሸክመው አስገቡት፤ አጠነጠኑት፤ ጥርት ብሎ ዘፈነ። «እንግዲህ ዋስትናዬ ወረደ» ብለው ባርኔጣቸውን አነሡ፣ እጅ ነሡኝ። እኔም «ወረደ» አልኳቸው። ኩራት የሚሉት በሽታ አለብኝ።

በቀጣዩ እሁድ ብቻዬን አዘፈንኩት። «ነይ፣ ነይ፣ ነይ» ሲል ዓይኔ ሸክላውን ትቶ በሩን፣ ከበሩም ወዲያ ባዶውን ወንበር ያያል። ባሌን ናፍቄ ነው እንዳልል፣ ባሌ በአፍንጫው አይዘፍንም ነበር።

ሰኞ ጠዋት ተነሣሁ። ከመቀነቴ ስሙኒ ፈታሁና የማጫወቻው አፍ ውስጥ ጣልኩት። ሽመል ስለሌለኝም በማማሰያዬ እጀታ ደህና አድርጌ ጎረጎርኩት። ከዚያ ነጠላዬን አጣፍቼ ገበያ ወረድኩ፤ ባናቸውን ዘርግተው ከተቀመጡበት ቆሜ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «አቶ ደምሴ፣ ጥገናው አልያዘም፤ ዋስትናዎ አልወረደም!» አልኳቸው።